«ከዚህ በኋላ ሜዳ ነው»

መኪና የሚነዳ ሰው ስለ ዳገት ምስክር ሆኖ እንዳይቆም የሚከለክል ሕግ ቢወጣ፣ ፊርማውን ለማኖር ማንም አይቀድመኝም። በካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ፣ በዝነኛው ሃይዌይ 1፣ ከቢግ ሰር እስከ ሳን ሲሚዮን ብቻዬን ብስክሌት ስገፋ በዋልኩበት ቀን ያገኘኋቸው ባለመኪኖች ሁሉ የተማከሩ ይመስል አንድ ነገር ነው የነገሩኝ፦ «አይዞህ፣ ከዚህ በኋላ ሜዳ ነው!»

አይደለም።

መንገዱ ወደ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በእሱ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ቅርጹ ላይ ነው። የሳንታ ሉሲያ ተራሮች እዚያ ጋ ያለ ምንም መግቢያ ቀጥ ብለው ነው ባሕር የሚገቡት። ኮን ፒክ የሚባለው ጫፍ ከውሃው 5 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሞ ከፍታው ከ1,500 ሜትር ይበልጣል። ከላይ የሚወርደው ጅረት ሁሉ ገደሉን ሰንጥቆ ያልፋል፤ መንገዱም በየጅረቱ ወደ ድልድይ ይወርዳል፣ ድልድዩን ተሻግሮ እንደገና ይወጣል። በግማሽ ሰዓት ላብ ያጠራቀምከውን ከፍታ ቁልቁለቱ በሁለት ደቂቃ ይበትንብሃል። መንገዱን ቆርጦ ለመጨረስ 18 ዓመት ያህል ፈጅቶ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው፤ ከቆፋሪዎቹ መካከል የሳን ኩዌንቲን እስረኞች ነበሩበት። ለምስክርነት እነሱ ቢጠሩ ኖሮ አንዳቸውም «ሜዳ» የምትለዋን ቃል አይተነፍሱም ነበር።

ካርታው ላይ ግን ይህ ሁሉ የለም። ባሕሩን ታክካ የምትሄድ ቀጭን መስመር ናት። ባሕር ሜዳ ነው፤ መንገዱ ባሕር ዳር ነው፤ ስለዚህ መንገዱም ሜዳ ነው። ክርክሩ እንከን አይወጣለትም፤ ያልገባው የኔ ጉልበት ብቻ ነው።

ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰሙ ደግሞ ይብስባቸዋል። «ሯጭ ነሃ! ላንተማ ይሄ ምንህም አይደል!» ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ብስክሌተኞችም ይዛ እንደነበር፣ ጽጋቡ ግርማይም በ2016 በቱር ደ ፍራንስ እንደተሳተፈ ለማስረዳት ሞክሬያለሁ። ዳገት ላይ ሆኖ ታሪክ ማስተማር ግን ትንፋሽ ይፈልጋል።

«የኛ አገር ሰውስ ያው አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም፤ ልዩነት አለው። ገጠር ወርዶ መንገድ ያልጠየቀ መቼም የለም። «ቅርብ ናት» ይሉሃል፣ በአገጭ ይጠቁሙሃል። አንዱን ጋራ ዞረህ ሌላ ሰው ትጠይቃለህ፤ «እቺው ናት፣ ከዚያች ማዶ» ይልሃል። ሚስጥሩ ያለው አገጩ ላይ ሳይሆን ድምፁ ላይ ነው። «እዚያ» አጭር ከሆነ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። «እዚያያያ» ከሆነ ስንቅ ያስፈልግሃል። ድምፁ ቀጥኖ፣ ዓይኑ ጠብቦ፣ ክንዱ ከነዱላው ከተዘረጋ ግን ያው ሰውዬ ዘንድ ማደሪያ መለመን ነው የሚሻለው። የከተማ ልጅ ይህን አይሰማም፤ ማታ እግሩ ውሃ ቋጥሮ ሲገባ ገበሬውን ዋሾ ይለዋል። ገበሬው ምን አጠፋ? መንገዱን በገዛ እግሩ፣ ያውም እህል ተሸክሞ ለክቶታል። ለእሱ ቅርብ ነው።

አዲስ አበቤስ? አዲስ አበቤ «ቦሌ ደርሻለሁ» ሲልህ ከስልኩ ጀርባ የሻወር ውሃ ሲወርድ ይሰማሃል። «አምስት ደቂቃ» ያለህን ሰው ሰዓት አይተህ የጠበቅከው እንደሆነ ጥፋቱ ያንተ ነው፤ ማኪያቶህን አዝዘህ ጋዜጣህን መዘርጋት ነበረብህ። ኦክላንድና ሳን ሆዜ ያለነውም ነገሩን ከነሻንጣችን ይዘነው መጥተናል። የሠርግ ጥሪ ላይ የተጻፈውን ሰዓት አምኖ የሚመጣ አሜሪካዊ ጎረቤት ብቻ ነው፤ ምስኪን፣ ወንበሩን ከአስተናጋጆቹ ጋር ሲደረድር ታገኘዋለህ። ይህ ግን ውሸት አይባልም። ተናጋሪውም ሰሚውም ሂሳቡን ያውቁታል።

ወዴት ነበር የምሄደው? አዎ፣ ሉሲያ የምትባለውን መንደር አልፌ ወደ ጎርዳ።

ወደ ደቡብ የሚሄድ ብስክሌተኛ በገደሉ በኩል ነው የሚነዳው፤ ከነጩ መስመር ወዲህ መንገድ የሚባል ነገር የሌለበት ቦታ ብዙ ነው። እዚያ ላይ ቤት የሚያክል የኪራይ ካምፐር ከኋላዬ መጥቶ ስፖኪዮው ጆሮዬን ሊገርዘኝ ምንም ሳይቀረው አለፈ። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ብስክሌት የሚያልፍ መኪና ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ ርቀት መስጠት አለበት፤ ቦታ ከሌለ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሰውዬው ሁለቱንም አላደረገም። ቀጥሎ ባለው የመመልከቻ ስፍራ ስደርስ ፎቶ ሲያነሳ አገኘሁት። ፈገግ ብሎ አውራ ጣቱን ቀሰረልኝ። «በርታ! ከዚህ በኋላ ሜዳ ነው።»

ምኑን አይተህ? እግርህ ዛሬ ነዳጅና ፍሬን ከመርገጥ ሌላ ምን ሠርቷል? ገደል ሊከተኝ ሲል ያላየኝ ሰው፣ ሊያጽናናኝ ሲል ከየት አየኝ? ለደከመው ሰው ደስ የሚለውን መንገር ደግነት አይደለም፤ ጣጣውን ቶሎ መገላገል ነው። ሦስት ዳገት ቀርቶሃል በለኝ፤ ሦስቱንም ቆርጬ እወጣቸዋለሁ። ሜዳ ነው ካልከኝ ግን የመጀመሪያውን በእግሬ፣ ሁለተኛውን በንዴት፣ ሦስተኛውን በእርግማን ነው የምወጣው። ይህን ሁሉ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር።

ሚስቱ ቀደመችኝ። ከካምፐሩ ቀዝቃዛ ውሃና ብርቱካን ይዛ ወረደች። እጄ በሰንሰለት ቅባት መጥቆሩን አይታ ብርቱካኑን ራሷ ላጠችው፤ ነጩን ክር ሳይቀር ለቅማ፣ ፍሬ ፍሬውን ለይታ በወረቀት ላይ ደረደረችልኝ። ለጉርሻ የቀራት ነገር አልነበረም። እንዲህ በጎረሱበት አፍ ባሏን መራገም ደግሞ በኛ ነውር ነው። ዝም አልኩ፤ ሄዱ።

ከጎርዳ በታች መድ ክሪክን ታልፋላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ተራራው ተንዶ መንገዱን ቀበረው፣ የተከፈተው በሐምሌ 2018 ነው። ከዚያ ራጌድ ፖይንት ድረስ ዳገቱ አይምርም። ፒየድራስ ብላንካስ ላይ የባሕር ዝሆን የሚባሉት አቆስጣዎች አሸዋ ላይ ተዘርረዋል፤ ወንዱ ሁለት ቶን ይደርሳል። በዓመት ሁለት ጊዜ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ዋኝተው ነው እዚያ የሚመለሱት። ጀርባቸው ላይ አሸዋ ይበትናሉ፣ ያንኮራፋሉ፣ ለአላፊ አግዳሚው ምክር አይሰጡም። ብዙ ቆሜ አየኋቸው።

ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ ከሰሜን ወደ ደቡብ ንዱ፤ ከግንቦት እስከ መስከረም ንፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ስለሚነፍስ ከጀርባ ይገፋችኋል። በቢግ ሰር በአብዛኛው መንገድ ስልክ አይሠራም፤ ስለዚህ ናዳ መንገዱን ዘግቶት እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት አረጋግጡ። ውሃ ባገኛችሁበት ሁሉ ሙሉ።