ደህና ነኝ በለው

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣
መርካቶ፣ በርበሬ ተራ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህና ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ።

በዚህ በስልክ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትለኝ። ስልክ ላይ “ደህና ነኝ፣ ሁሉ ሰላም” ከማለት ሌላ አይወጣኝም። አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሳገኝ ጊዜ ወረቀት አነሳሁ። ያችን የመክፈቻ ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ደግሞ ሳቄ መጣ። ትዝ ካለህ፣ ሰባተኛ ክፍል ሳለን የሰፈሩ ደብዳቤ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ለአንድ ደብዳቤ ሃምሳ ሳንቲም፣ ፖስታው ላይ የፈረንጅ አድራሻ ከተጨመረበት ሰባ አምስት። ደንበኞቼን ሁሉ ብረሳ ባለ በርበሬዋን እትዬን አልረሳም። ልጃቸው ሮም ነበረች። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ዛላ እየቀነጠሱ፣ “ደህና ነኝ በላት፤ ግን ደህና እንዳልሆንኩ እንዲገባት አድርገህ ጻፈው” ይሉኛል። “እንዴት አድርጌ እትዬ?” ስላቸው፣ “ታዲያ ሃምሳ ሳንቲም የምከፍልህ ለምኑ ነው?”

እኔም ዛሬ በተራዬ ደህና ነኝ እያልኩህ ነው።

አምና የላክሁልህ ፎቶ አለ አይደል? ጥቁሯን መርቼዲስ ተደግፌ የተነሳሁት። እማዬ በፍሬም አድርጋ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች ብለኸኛል። መኪናዋ የእኔ አይደለችም። የምሠራው ዋሽንግተን ውስጥ፣ አንድ ትልቅ ሕንፃ ምድር ቤት ባለ መኪና ማቆሚያ ነው። የሁሉም ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤ አንዱም መኪና የእኔ አይደለም። አውቶቡስ ተራ አጠገብ ጨርቅ እያውለበለብክ፣ “ና! ና! ና! በቃ!” እያልክ ሳንቲም የምትለቅምበት ክረምት ትዝ ይልሃል? እኔም ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተሻግሬ የመጣሁት ለዚያው ሥራ ነው። የእኔ ዩኒፎርም አለው። ብቻዬን መስዬህም እንዳታዝንልኝ፤ እዚህ ከተማ መኪና ማቆሚያ ገብተህ በአማርኛ ብትሳደብ በአማርኛ መልስ ታገኛለህ።

በቀደም አንድ ጣሊያናዊ ቱሪስት መኪናውን እያስረከበኝ ከየት እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ከአዲስ አበባ አልኩት። ከየትኛው ሰፈር? ሲለኝ፣ “መርካቶ።” ሰውየው ግራ ተጋባ። “ገበያ የት ነው አላልኩህም፤ ሰፈርህን ነው የጠየቅሁህ” አለኝ። እንግዲህ ወረፋው ከኋላው እየረዘመ ታሪክ አስተማርኩት። አያቶችህ በወረራው ዘመን ገበያችንን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንስተው ወደ ምዕራብ ገፉት፤ ስሙን በቋንቋችሁ ትተውልን ሄዱ፤ እኛም ይኸው እስከ ዛሬ “መርካቶ ገበያ” ስንል “ገበያ ገበያ” እያልን እንኖራለን አልኩት። አፈረ መሰለኝ፣ አምስት ዶላር ጉርሻ ሰጠኝ። ከጦር ካሳው የደረሰኝ ድርሻ ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ግን ምን ያደርጋል፣ መርካቶነቴ እዚህ አገር አይሠራም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዉ የማይፈልገውን ዕቃ ደጁ ላይ ዘርግቶ ይሸጣል፤ ያርድ ሴል ይሉታል። ቆርቆሮ ቀጥቃጭና በረባሶ ሠሪ የሌለበት ምን አለሽ ተራ በለው። አንዲት አሮጊት የእንጨት ወንበር አውጥተዋል፤ 15 ዶላር። አሥር አልኳቸው። አሥራ ሁለት አሉኝ። ልቤ ሞቀ! የሚከራከረኝ ሰው ሳገኝ በስንት ጊዜዬ መሰለህ? ከዚያማ እንደ ደንባችን ፊቴን አጠቆርኩ፤ ወንበሩን ገልመጥ አድርጌ መንገድ ጀመርኩ። “ና በቃ፣ ውሰደው” እስኪሉኝ እርምጃዬን ቀነስ አደረግሁ። ዝም። ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ አልኩ። ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነበር። ዞር ብል ሴትዮዋ ፈገግ ብለው እጃቸውን እያውለበለቡ ደህና ዋል ይሉኛል! ተመልሼ በ12 እንዳልገዛ ደግሞ የመርካቶ ልጅ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው።

ዶላር ካነሳሁ አይቀር፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቅሁት ሲል፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ወር ሳይሞላው መቶን አለፈ። ያን ሰሞን ስልኬ አላረፈችም። ለዘጠኝ ዓመት ድምፁን ያልሰማሁት የአክስቴ ልጅ ደውሎ “እንኳን ደስ አለህ!” አለኝ። ምን አገኘሁ? ብለው፣ “እጥፍ ሆንክ እኮ!” እኔ እጥፍ አልሆንኩም። የቤት ኪራዬን የምከፍለው በዶላር፣ ዳቦዬን የምገዛው በዶላር። እጥፍ የሆነው የዘመዶቼ ቁጥር ነው።

ጥቅምት 11 ሰኞ ማታ ሸማ ተራ ሲቃጠል ለእኔ ቀን ነበር። ምሳዬን ይዤ ስልኬን ስከፍት እሳቱን አየሁት። ደወልኩልህ፤ አታነሳም። አሥራ ሰባት ጊዜ ደወልኩ። ስታነሳ በእንቅልፍ ድምፅ “ማን ሞተ?” አልከኝ። አንተ ኮልፌ ቤትህ ተኝተህ፣ የሰፈርህን እሳት ከሜሪላንድ እኔ ነገርኩህ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዕድሜ ልካችንን የምንስቅበት ነበር። ግን የስንቱ ጥሪት በአንድ ሌሊት ዐመድ ሲሆን በእጄ ከያዝኩት ስልክ በቀር ምንም አልነበረኝም፤ አንድ ባልዲ ውኃ የማቀብልበት ርቀት ላይ አልነበርኩም። የእሳት አደጋ መኪኖቹ መግቢያ አጥተው ተቸገሩ ሲባል ስሰማ አልገረመኝም። የዚያን መንገድ ጥበት ትከሻዬ ያውቀዋል። ኩንታል የተሸከመ ሰው “ዞር በል!” እያለ ስንት ጊዜ ግድግዳ ላይ ለጥፎኛል።

እዚህ ጓደኛ የለኝም ማለቴ አይደለም። እሑድ እሑድ አራት ሆነን ቡና እንጠጣለን። አንዱ ዜና ያመጣል፤ ሁለተኛው ውሸት ነው ይላል፤ ሦስተኛው “ለሁለታችሁም የሚከፍላችሁ ማን ነው?” ይላል። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ሒሳብ እከፍላለሁ። ተኳርፈን እንለያያለን። ባለፈው ክረምት ግን ወገቤ ተይዞ ከአልጋ መነሳት ሲያቅተኝ፣ ሦስቱም ሾርባ ይዘው መጡ፤ አልጋዬ ዙሪያ ቆመውም ተጨቃጨቁ። አንተ ብትሆን ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ፤ ሾርባውን ራስህ ጠጥተህ ትሄድ ነበር። እሱም ናፈቀኝ።

አሁን ጉዳዬን ስማኝ። ይህን የሚያመጣልህ ሰው ሲመለስ 23 ኪሎ፣ 23 ኪሎ የሚይዙ ሁለት ሻንጣዎች አሉት፤ የሌላ ስምንት ሰው አደራ ስላለበት ለእኔ የደረሰኝ ሦስት ኪሎ ነው። በርበሬ 2 ኪሎ፣ ሽሮ 1 ኪሎ። በሱቅህ ሚዛን እንዳትመዝነው፤ የአንተን ሚዛን እኔም አንተም እናውቀዋለን።

ለእማዬ ደብዳቤውን አንብብላት፤ ዓይኗ እንደደከመ ነግረኸኛል። ወገቤን ዝለለው። መኪናዋንም ዝለላት፤ ፎቶውን እንዳታወርድባት። ደህና ነው በላት።

ድልህ ግን በጭራሽ እንዳትልክ። ባለፈው ሻንጣ ውስጥ ፈስሶ የሰውየውን ሱፍ አበላሽቶበት፣ እስካሁን የላውንደሪ እየከፈልኩ ነው።

ያው የአንተው አብሮ አደግ