የማይታየው እንደራሴ

የአሜሪካ ሰፋሪዎች ውለታ ቢሶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1765 የለንደን ፓርላማ አስቦ፣ ተጨንቆ የቴምብር ቀረጥ ቢጥልላቸው ምስጋናቸው ጩኸት ሆነ። ጋዜጣውም፣ ውሉም፣ ፈቃዱም፣ የመጫወቻ ካርታው ሳይቀር ቴምብር ይመታበት ተባለ። ቁማርተኛውም አልተረሳም፤ ለጥንድ ዳይስ 10 ሺሊንግ ተቆረጠለት።

«እዚያ የመረጥነው ሰው የለም፤ ታዲያ ማን ፈቅዶ ነው ኪሳችን የሚገባው?» አሉ። ጥጋብ ነው እንጂ መልሱ ቀላል ነበር። የግምጃ ቤቱ ጸሐፊ ቶማስ ዋትሊ አብራራላቸው፦ እንግሊዝ ውስጥም አብዛኛው ሰው አይመርጥም፤ ቢሆንም እያንዳንዱ እንደራሴ ለግዛቱ ሁሉ ስለሚያስብ ሁሉም ተወክሏል። የቦስተኑ ጫማ ሰፊ እንግዲህ ሳያውቀው እንደራሴ ነበረው። እንዴት ያለ እፎይታ ነው! ቅስቀሳ የለ፣ ሰልፍ የለ፣ የድምፅ ቆጠራ የለ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፤ ውክልናው በሐሳብ ከሆነ ቀረጡስ ለምን በሐሳብ አይከፈልም ነበር? እሱ ግን በጥሬ ብር ተፈለገ።

ፓርላማው ንፉግ እንዳይመስላችሁ። ኦልድ ሳረም የሚባለው ሰው አልባ ኮረብታ ሁለት እንደራሴዎች ነበሩት። ደንዊች አብዛኛው አካሏን ባሕር ውጦት እንኳ ሁለቱ ወንበሮቿ አልተነኩም። ማንቸስተርና በርሚንግሃም ግን፣ ሰው ስለሞላባቸው ይሆናል፣ አንድም አልነበራቸውም። በ1766 የቴምብሩ ቀረጥ ሲሻር ፓርላማው በዚያው ቀን፣ በማናቸውም ጉዳይ ላይ ሕግ ሊያወጣባቸው እንደሚችል አወጀ፤ የሰፋሪዎቹ ልብ እንዳያብጥ ነው። ብልህ ቢሆኑ ኖሮ ከተማቸውን ባሕር ከትተው ወንበር ይጠይቁ ነበር። እነሱ ግን በ1773 ቦስተን ወደብ ላይ ቀረጥ የተጣለበት 342 ሣጥን ሻይ ከተቱ።

ቆይተው ነፃ ወጡና የራሳቸውን ዋና ከተማ ቆረቆሩ። የዛሬው የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪ፣ ብዙ የአገራችንን ሰው ጨምሮ፣ የፌዴራል ግብሩን ይከፍላል፤ ሴኔት ውስጥ ግን ማንም የለውም፤ በታችኛው ምክር ቤት ያለው ተወካይም ይናገራል እንጂ ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ አይሰጥም። ሰፋሪዎቹ ሻይ የደፉበት ያ ያለ ውክልና የመቀረጥ ቅሬታ ከ2000 ጀምሮ በከተማዋ የመኪና ሰሌዳ ላይ ታትሟል። ቅሬታውን ለጥፎ ለመንዳት ደግሞ የሰሌዳ ክፍያ አለው።