ጭቃው 0.5 ነው

ጨዋታ ለምትሠሩ ወጣቶቻችን አንድ ምክር አለኝ። ነገ እንጦጦን በቪዲዮ ጨዋታ ልታሳዩን ካሰባችሁ፣ የለመዳችሁትን ጥበብ እንዳትለቁ። መሬቱን «ጭቃ» በሉት፤ ተጫዋቹ ሲረግጠው ፍጥነቱን በ0.5 አባዙት። ሮብሎክስ በተባለው የጨዋታ መድረክ ላይ የተለመደው የእርምጃ ፍጥነት 16 ነው፤ 8 ስታደርጉት ክረምት ገባ ማለት ነው። የሐምሌን ዝናብ በአንዲት መስመር ኮድ ካወረደ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይጠበቃል?

ዳገትና ቁልቁለት መለየትም አያስፈልግም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ የሚወጣውም የሚወርደውም እኩል ይጎተት፤ ፍትሕ ማለት ይኸው ነው። ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል እግር ያንሸራትታል፤ ከ30 ኪሎ በላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶችም የሚፈሩት መዘግየትን አይደለም፣ ቁልቁለቱ እንዳያንደረድራቸው እንጂ። ግን ይህን ማን ይጠይቃችኋል? ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በ30 በመቶ ገደማ መሳሳቱም የእናንተ ጣጣ አይደለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የሠለጠነበት ዳገት ለእሱም፣ ትናንት ከቆላ ለመጣ እንግዳም ያው 0.5 ነው። ጨዋታ ሠሪዎቹ እነኮጂማ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት «ዴዝ ስትራንዲንግ» በተባለው ጨዋታ የሸክሙን ክብደት፣ የተሸካሚውን ሚዛንና የመሬቱን አቀማመጥ ሁሉ አስልተው ሰውዬውን በየድንጋዩ ሲያንገዳግዱት፣ ሥራ ፈተው ነው።

ጭቃና ቅጠል የተደራረቡበት ቦታ ላይ ኮዳችሁ 0.5ን በ0.5 ያባዛል፤ ጅረት ከተጨመረበት 0.125 ይሆንና ተጫዋቹ ራሱ ባሕር ዛፍ ሆኖ ይቆማል። ከጭቃው ሲወጣ ፍጥነቱን መመለስ ከረሳችሁ ደግሞ መገናኛ አስፋልት ላይ ደርሶም ይጎተታል። ስህተት ነው የሚል ከመጣ «እውነታውን ተከትለን ነው» በሉት፤ በክረምት መገናኛን ያየ ሰው አይከራከራችሁም።

ትርፉስ ቀላል ነው እንዴ? የአምስት ደቂቃው ጨዋታ በጭቃ አስር ደቂቃ ይሞላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? በእናንተ ስክሪፕት እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ተጫዋቹ ስልኩን ዘግቶ ይተኛል እንጂ።

ደንቡን የጻፋችሁት ለተጫዋቹ ብቻ ስለሆነ፣ ተጫዋቹን እንዲያሳድድ የለቀቃችሁት ጅብ በዚያው ማጥ ላይ ሽው ይላል፤ ለጅብ ሲሆን ክረምት አይገባም። ስለዚህ ዳገቱንም ሸክሙንም አየሩንም ተዉት፣ አንለምናችሁም። ጅቡን ግን እባካችሁ ጭቃው ይያዝልን።