ከፈረሰ በኋላ የተገኘ ደንበኛ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ደንበኛ የሚያፈራው ከፈረሰ በኋላ ነው። በቁሙ ሳለ ምሳ ሰዓት ላይ ሁለት ሰው ይዞ ሲያዛጋ የነበረ ቤት፣ ዶዘር ገብቶበት አቧራው ሳይበርድ «እኔ እኮ እዚያ ነው ያደግሁት» የሚል ሕዝብ ከየት እንደሚጎርፍለት አይታወቅም። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ ያየነው ይህንኑ ነው። ለዚያው ለፒያሳው ሰፈር ለዶሮ ማነቂያ ያለቀሰው ሁሉ፣ ሰፈሩ ቆሞ ሳለ በዓመት አንድ ቀን እንኳ ጎራ ብሎ ጥብስ ቢያዝ ኖሮ ቤቶቹ ወንበር ባልበቃቸው ነበር።

ልቅሶውን አልቃወምም። ፒያሳ ይለቀስላታል። የሚገርመኝ አልቃሹ በላሁ የሚለው ነገር ነው።

በቅርቡ አንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን፣ ንፍሮው እየዞረ፣ አንድ ጋሼ የካስቴሊን ላዛኛ አነሡ። ካስቴሊ የፒያሳው ጣሊያን ቤት ነው፤ ጂሚ ካርተርም፣ እነ ብራድ ፒትም በልተውበታል እየተባለ የሚወራለት። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ፎርማጆው በሹካ ሲነሣ ክሩ እንዴት እንደሚመዘዝ እጃቸውን እስከ ግንባራቸው ከፍ አድርገው አሳዩን። ምራቃችንን ዋጥን። ይኼኔ ከወዲያ ማዶ ከሴቶቹ ጋር የተቀመጡት ባለቤታቸው ነጠላቸውን አጣፉና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ያኔ ደሞዝህ ስንት ነበር? የእናትህን ቆርጠህ፣ ዕቁብህን ጥለህ፣ የአስቤዛዬን ሰጥተኸኝ፣ ላዛኛውን በምንህ በላኸው?» አሏቸው። ጋሼ ትንሽ አሰቡ። «ሽታው እኮ መንገድ ድረስ ይመጣ ነበር» አሉ።

አብዛኞቻችን የፒያሳን ምግብ ቤቶች የምናውቃቸው በአፍንጫችን ነው። ማኪያቶ በስሙኒ ነበር ብለን የምንምለው ሰዎች፣ ስሙኒዋን ከየት እናመጣት እንደነበር ግን አንናገርም። በደርግ ዘመን ትንሹ የመንግሥት ደሞዝ በወር 50 ብር ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ 500 ብር የተቀጠረ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ልጁን ሊድርለት የሚሻማበት ጌታ ነው። ዋጋውን እያስታወሱ ደሞዙን መርሳት ግን የትዝታ ወጉ ነው።

በእግራችን የገባነውም ብንሆን የምንኮራበት ገበያ አላደረግንም። አራት ሆነን አንድ ሚልፎሊ በአራት ሹካ፣ ከዚያ በላዩ ላይ ውኃ፣ ከዚያ ጋዜጣ ካለ ጋዜጣ፣ ከዚያ እስኪመሽ ወሬ። ኤንሪኮ ኬክ ቤት ኬኩ ገና በጊዜ ስለሚያልቅበት ከእንዲህ ያለው ደንበኛ ተርፏል፤ ሌላው ግን ወንበሩን አከራይቶ ኪራዩን ያልተቀበለ ባለቤት ነበር። ማህሙድ ሙዚቃ ቤትማ አይነሣ። ስንቱ ፍቅረኛ «ማህሙድ ጋ» ተቀጣጥሮ፣ ደጁ ላይ ቆሞ ዘፈን በነጻ ሰምቶ ሄዷል፤ ካሴት የገዛው ስንቱ እንደሆነ ሱቁ ይቁጠረው።

በሽታው የቆየ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. ሆቴላቸውን ሲያቋቁሙ፣ ምግብን በገንዘብ ገዝቶ መብላት በአገሩ አልተለመደምና የሚገባ ጠፋ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው፣ አብልተው፣ ሂሳቡን ከፍለው አሳዩዋቸው ይባላል። ንጉሠ ነገሥት አስተምሮን መቶ ዓመት አልፏል፤ እኛ ግን የያዝነው የትምህርቱን የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ ነው፤ ሰው ሲጋብዝ መብላቱን። በጥር 2007 ሆቴሉ ላይ እሳት ሲነሣ፣ እዚያው የነበረው የጃዝ ቤት ጃዝአምባም አብሮ ነደደ። በማግሥቱ አዲስ አበባ ውስጥ ጃዝ የማይወድ ሰው አልተገኘም።

ትዝታችን ምግብ ቤት ላይ አያበቃም፤ ወደ ትምህርት ቤት ስንመጣ ደግሞ ሁሉም አንደኛ ነበር። የተፈሪ መኮንን ልጅ ነኝ፣ የዊንጌት ልጅ ነኝ፣ የኮከበ ጽባህ ልጅ ነኝ ከሚል ሰው ጋር ቡና ጠጥታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ሠላሳ አራተኛ ወጣሁ የሚል ገጥሟችኋል? ያ ሁሉ ልጅ በአንድ ዴስክ ሦስት አራት ሆኖ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ አንደኛው ብቻ ነው በሕይወት የተረፈው። የተቀሩት የት እንደገቡ ታሪክ ይፍረደው።

ዩኒት ሊደሩም ከሞቱ በኋላ ደግ ሆነዋል። በጎማ ሲለበልቡት ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቶት የሰነበተ ሰው፣ «እሳቸው ባይገርፉኝ ሰው አልሆንም ነበር» እያለ ያነባል። «ወላጅ አምጣ» ሲባል የሰፈሩን ጎረምሳ በሲጋራ ተዋውሎ፣ ኮት አስለብሶ፣ «አጎቴ ነው» ብሎ ያቀረበው ይኸው ሰው ነው። አጎት ተብዬውም ሥራውን ከልቡ ይዞት፣ ዩኒት ሊደሩ ፊት አንድ ጥፊ አልሶታል። አጥር ዘሎ፣ ፎርፎ፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ የገባውም እሱ ነው። ዛሬ ልጁን «እኛ በናንተ ዕድሜ ከቤተ መጻሕፍት አንወጣም ነበር» ይለዋል። ልጁ ያምነዋል መሰላችሁ?

በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኮንን ከአብዮቱ በኋላ እንጦጦ ተባለ፤ እቴጌ መነንም የካቲት 12። ስለዚህ በአንድ በር ገብተው፣ በአንድ ግቢ ውስጥ የተገረፉ አባትና ልጅ ማዕድ ላይ ቀርበው የትኛው ትምህርት ቤት ነው ምርጡ እያሉ ይከራከራሉ። የሊሴ ገብረ ማርያም አጥር አጠገብ ያደገውም ሁሉ ፈረንሳይኛ ይሞካክራል። የሚያሳዝኑኝ ግን የኔታ ናቸው። በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አቧራው ላይ አስቀምጠው ሀ ሁን ያስቆጠሩን እሳቸው ሆነው ሳለ፣ የቄስ ትምህርት ቤት የድሮ ተማሪ ነኝ ብሎ ቲሸርት ያሠራ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ዋሽንግተንና አካባቢው ያሉት ወገኖቻችን ትዝታውን ከእኛም አጥብቀው ይዘውታል። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ክትፎ ቀርቦላቸው የፒያሳን ሽሮ ያነሣሉ። ክረምት ላይ ሲመጡ ግን እራታቸው ቦሌ፣ ሊፍት ያለው ፎቅ ላይ ነው። ፒያሳን የሚያይዋት በመኪና መስኮት፣ በስልካቸው እየቀረጹ።

ፍርስራሹን ሁሉ በደንበኛው ላይ መጫኔ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ከእነዚህ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ የመንግሥት ኪራይ ቤት ሆኑ። ከዚያ በኋላ ጣሪያ ሲያፈስ ተከራዩ «የኔ አይደለም» ይላል፣ አከራዩ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ዝናቡ ሥራውን ይሠራል። ቤቱ የመንግሥት፣ ንግዱ የግለሰብ፣ ትዝታው የሁላችን፤ ምስማር የሚመታ ግን አንድም ሰው የለም።

ትምህርት ቤቶቹም ከዚህ አልራቁም። የቀድሞ ተማሪዎች የቴሌግራም ቡድን ውስጥ የ1970ዎቹ ፎቶ ሲለጠፍ እንባው፣ ሳቁ፣ «ከግራ ሦስተኛው እኔ ነኝ» ባዩ አያልቅም። ለቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ መዋጮ የሚል መልእክት ሲመጣ ግን በአንድ ጊዜ ኔትወርክ ይጠፋል።

ሰፈራችሁ ውስጥ ወንበሩ ሲጢጥ የሚል፣ አስተናጋጁ የአባታችሁን ስም ጭምር የሚያውቅ አንድ አሮጌ ቤት ዛሬም ሳይኖር አይቀርም። ነገ ምሳችሁን እዚያ ብሉ። ማኪያቶ ይዛችሁ እስኪመሽ አትጎለቱ፤ ምግብ እዘዙ። ስትወጡም «ጻፍብኝ» አትበሉ፣ ክፈሉ።