ባራቲየሪ የሚሆን ጠፋ

የካቲት 23 ማለዳ ወደ ምኒልክ አደባባይ የወጣ ሰው፣ በዚህ አገር ተራ ወታደር የሚባል ፍጥረት ኖሮ እንደማያውቅ ይረዳል። በቀኝ ራስ፣ በግራ ደጃዝማች፣ ከፊት ፊታውራሪ ነው። ማዕረግ የሌለው ውኃ ሻጩ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ግንባሩን በባንዲራ አስሯል። በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ የዘመተው ሠራዊት መቶ ሺህ ገደማ እንደነበር የታሪክ ሰዎች ይጽፋሉ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል በቅሎ የጫነው፣ ድንኳን የተከለው፣ እንጀራ የጋገረችው፣ እንስራ ያዘለችው ብዙ እንደነበር መገመት አያስቸግርም። የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች የት እንደገቡ ግን እንጃ። አደባባዩን የሞላው የመኳንንት ዘር ነው።

ይህን የታዘብኩት በጓዝ ተሸካሚነት ነው። የእህቴ ልጅ ፎቶግራፍ ትማራለች። ለመመረቂያ ሥራዋ የመረጠችው፣ የጥንቱን ዘማች ልብስ ለብሰው ድሉን የሚያከብሩ ሰዎችን አንድ በአንድ እያቆመች ማንሳት ነው። እሷ ካሜራውን ያዘች፤ እኔ ቦርሳውንና ሪፍሌክተር የሚሉትን የሚያብረቀርቅ ክብ ጨርቅ። ጨርቁ ፀሐይን ተቀብሎ ሰው ፊት ላይ ይመልሳል። ያለ ምክንያት አልመጣም፤ በየካቲት መጨረሻ የአዲስ አበባ ፀሐይ ቀትር ላይ አናት ልትበሳ ነው የምትደርሰው፣ ጎፈር ያጠለቀ ሰው ደግሞ ዓይኑ ጥላ ውስጥ ይሰጥማል። ነጭ ልብስም የራሱ ጣጣ አለው። ካሜራው ያን ሁሉ ነጭ ሲያይ ብርሃን የበዛ መስሎት ይቀንሳል፤ ልብሱ አምሮ ባለልብሱ ጠቁሮ ይወጣል። ስለዚህ የእኔ ሥራ ከራሶችና ከደጃዝማቾች ጉልበት ሥር ተንበርክኬ ብርሃን መመለስ ሆነ። «ጋሼ፣ ዓይኔን አጠፉት እኮ!» ይሉኛል። ከመድፍ ፊት ዞር ያላለ ጀግና ከጨርቅ ነጸብራቅ ይሸሻል።

ሁሉም ሐውልቱ ከኋላው እንዲገባለት ይፈልጋል። መፈለጉ ባልከፋ። በ1923 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ጣሊያን ሲገባ የተነቀለው፣ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው የተመለሰው ይህ ሐውልት ግን ለፎቶ ተብሎ አልቆመም። መቀመጫው ከፍ ያለ ነው፤ ፈረሱም የፊት እግሮቹን አንስቷል። ሰውዬውንም ሐውልቱንም ለማስገባት የእህቴ ልጅ አስፋልት ላይ መተኛት አለባት፤ ተኝታም ያገኘችው ፈረሱ ደጃዝማቹን አናታቸው ላይ ሊረግጣቸው ሲል ነው። ደጃዝማች ግን ወደዱት። «አየሽ፣ ሐውልቱ ራሱ እኔ ላይ ነው» አሉ።

ቅርብ ሆኖ ማየት ብዙ ያሳያል። ጎፈር በጥንቱ ወግ አንበሳ የገደለ ወይም በጦር ሜዳ ጀብዱ የሠራ ሰው የሚያጠልቀው ነበር። በዚያ ቀን ያየሁት ጎፈር ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ በኢትዮጵያ ምድር አንድም አንበሳ ባልተረፈ። ደግነቱ አብዛኛው የፍየል ነው፤ የቀረው የሴት ዊግ። የአንዱ ጎረምሳ ጎፈር ላይ የፋብሪካው ምልክት ከነዋጋው ተንጠልጥሎ ነበር። የእህቴ ልጅ በመቀስ ልትቆርጥለት ስትል እጇን ያዛት፤ ለካስ ማታ ለባለሱቁ ሊመልሰው ኖሯል። አንዱ ምኒልክ ደግሞ ባርኔጣውን ከነሻሹ በትክክል አድርጎ፣ ጺሙን ግን በኩል ነበር የሣለው። ፀሐይዋ እየከረረች ስትሄድ ጺሙ መዝመት ጀመረ፤ ረፋዱ ላይ አንገቱ ጋ ደረሰ፤ ቀትር ላይ እጀ ጠባቡን ያዘ።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ጦሩ ነው። ምኒልክ ከፈረንሳይ፣ ከሩሲያ፣ ከራሷ ከጣሊያን ሳይቀር ለዓመታት መሣሪያ ሲያሰባስቡ ኖረው፣ አድዋ ላይ አብዛኛው ዘማች ጠመንጃ ይዞ ነው የተሰለፈው። መድፍም ነበረ፤ ባልቻ አባ ነፍሶ ስማቸው የገነነው በመድፍ ነው። የዛሬው ዘማች ጠመንጃ፣ የእንጨቱንም ቢሆን፣ እምብዛም አይወድም። ጦር ፎቶ ላይ ቁመት ይጨምራል፤ ጋሻ ቦርጭ ይሸፍናል። ንጉሠ ነገሥቱ ያን ያህል ወርቅና የዝሆን ጥርስ ከስክሰው ያስመጡት ውጅግራ፣ ለፎቶ አይመጥንም ተብሎ ቀረ።

ብዙ ያቆዩን አንድ ፊታውራሪ ናቸው። ጡረታ የወጡ ሒሳብ ሹም ናቸው፤ ካባቸው ግን የአባታቸው ነው፣ ከሽሮ ሜዳ ትናንት የተገዛ አይደለም። ፉከራቸው ቆዳ ያሳክካል። በፉከራው መሐል ካባው ውስጥ ስልክ ጮኸ። አወጡና «ግንባር ላይ ነኝ፣ መልሼ ልደውል» ብለው ዘጉት፤ ካቆሙበት ቃል ቀጠሉ። የእህቴ ልጅ ፊታቸው ላይ ያለውን መስመር ወደደችው።

«አባቴ፣ ወደ ጊዮርጊስ ዞር ይበሉልኝ፤ ከጎን ላንሳዎት» አለቻቸው።

«ከጎን? እኔን?» አሉ ፊታውራሪ። «ጣሊያን ልታደርጊኝ ነው?»

ልጅቷ ግራ ገባት፤ እኔ ገባኝ። በአገራችን ጥንታዊ ሥዕል ጻድቁና ወዳጁ ሙሉ ፊቱን ይዞ፣ ሁለቱንም ዓይኑን አፍጥጦ ይሣላል፤ ሰይጣንና ጠላት ግን ከጎን ነው፣ የሚደርሰውም አንድ ዓይን ብቻ ነው። የአድዋን ሥዕሎች ያየ ያውቀዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ ሆኖ ይረዳል፣ የእኛ ሰው ፊት ለፊት እያየን ይተኩሳል፣ ጣሊያኑ በአንድ ዓይኑ ይሞታል። ለእህቴ ልጅ የሬምብራንትን ብርሃን አስተምረዋታል፤ የአገሯ ሠዓሊ ለማን ሁለት ዓይን እንደሚሰጥ የነገራት አልነበረም። ፊታውራሪ ፊት ለፊት ተነሱ፤ ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ደርቀው።

ዋናው ጣጣ የመጣው አስተማሪዋ «ጦርነት ሁለት ወገን አለው፤ ጠላቱ የታለ?» ያላት ዕለት ነው። እውነት ነው፤ ጣሊያን አድዋ ላይ ከ17,000 በላይ ወታደር፣ አራት ብርጌድ ከነጄኔራሎቹ፣ ከበላያቸው ባራቲየሪን አሰልፋ ነበር። ከዚህ ሁሉ ሠራዊት አንድ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ጠፋ። ምኒልክ ለመሆን የሚጠብቅ ሞልቷል፤ ለጣይቱ ሹሩባቸውን ተሠርተው ወረፋ የያዙ አሉ። ባራቲየሪ ለሚሆን ክፍያ አለው ተባለ፤ ዝም። ምሳም አለው ተባለ። አንዱ ጥቂት አሰበና «እናቴ ብታይስ?» አለ። ሌላው ባራቲየሪን ትቶ ከጄኔራሎቹ አንዱን፣ አልበርቶኔን ልሁን ብሎ ተደራደረ፤ አልበርቶኔ ተማረከ እንጂ አልሸሸም ነው ክርክሩ። በማግሥቱ ስልኩን አጠፋ።

በመጨረሻ ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ የሆነ አንድ ቀጭን ወጣት እሺ አለ። አንድ ነገር ግን ያዘ፤ ሰው እንዳይለየው ከጎን መነሳት አለበት። የእህቴ ልጅ ልትስመው ምንም አልቀራት። ቆቡ የግንባታ ሠራተኛ ሄልሜት ላይ አቡጀዲ ተለብጦ የተሠራ ነው፤ ኒሻኖቹ የለስላሳ ቆርኪ ናቸው። ልጁ ብርሃኑ እስኪስተካከል ስልኩ ላይ ስለ ሰውዬው ማንበብ ያዘ። ቆይቶ ቀና አለና «ቆይ እንጂ፣ ይሄ ሰውዬ አስመራ ላይ ችሎት ቀርቦ ነጻ ወጥቷል እኮ!» አለ።

«ለአዛዥነት አይበቃም ተብሎም የለ?» ብለው፣

«እሱ የአስተዳደር ጉዳይ ነው» ብሎ ዘጋኝ።

ሰው ቆርኪ ደረቱ ላይ ከለጠፉለት ጠበቃ ለመሆን ሩብ ሰዓት ይበቃዋል።

ፎቶዎቹን ማስተካከል ሲመጣ ትዕዛዝ ዘነበ። ሽማግሌዎቹ የፊታቸው ሽብሽብ እንዲጠፋላቸው፣ ወጣቶቹ ጠባሳ እንዲጨመርላቸው ጠየቁ። አንዷ ጣይቱ ወገቧ እንዲቀጥን አዘዘች። መቀሌ ላይ ለተከበበው ጠላት ውኃ ያስቆረጡት እቴጌ በወገባቸው አይታወቁም ብላት፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ቲክቶክ አይጠቀሙም መሰለኝ» አለችኝ።

ለዐውደ ርዕዩ የእህቴ ልጅ ፎቶዎቹን የሰቀለቻቸው በቀለማቸው ነው። ይህን አሰላለፍ የሚቀበል መኳንንት አልተገኘም። በዋዜማው አንድ ራስ መጥተው ራሳቸውን ወደ መጸዳጃ ቤት በሚወስደው ኮሪደር አፍ ላይ አገኙት። «ራስ ከደጃዝማች፣ ደጃዝማች ከፊታውራሪ ይበልጣል። ያ ፊታውራሪ በር ላይ ተሰቅሎ እኔ እዚህ የምሆነው በየትኛው ሕግ ነው?» አሉ። ልጅቷ ስለ ቀለም ስምምነት ልታስረዳ ሞከረች። ራስ በቀለም የሚመለሱ አልሆኑም። ያን ማታ መሰላል ላይ ወጥቼ ሹም ሽር ሳካሂድ አመሸሁ፤ ራስ ወደ በሩ፣ ፊታውራሪ ወደ ኮሪደሩ።

በሩ አጠገብ የተለጠፈው ጽሑፍ፣ ሥራው «በትውስታና በዝንጋኤ መካከል ያለውን ቦታ ይጠይቃል» ይላል። አንድ ጎብኚ ደጋግሞ አነበበና «ጥያቄው የቱ ጋ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የክብር እንግዳው ዘግይተው መጥተው ሪባን ቆረጡ፤ ስለ ወጣቱ ትውልድ ተናገሩ፤ ሄዱ። ዘማቾቹ ሱፍ ለብሰው መጡና እያንዳንዳቸው በየፎቷቸው ሥር ዘብ ቆሙ። ሰው ወደ እነሱ ሲቀርብ ኮስተር ይላሉ፤ ካልኮሰተሩ አይለዩም። ሰው ግን ጀርባውን ለፎቶዎቹ ሰጥቶ ራሱን እያነሳ ነበር።

ፊቱን አዙሮ ያየው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ጣሊያኑን። ከሁሉ መካከል ቤት ውስጥ፣ በመስኮት ብርሃን የተነሳ እሱ ብቻ ነው። ፀሐይ አላጨማደደችውም፤ አልተኮፈሰም። ጥቂት የፈራ ይመስላል። ፈርቶም ነበር፤ እናቱን። የባንኩ ልጅ ከእጮኛው ጋር መጥቶ ራቅ ብሎ ቆሟል። አንዲት ሴት እሱንና ፎቶውን እያፈራረቀች አየችና «አንተ አይደለህም?» አለችው። «ኧረ በጭራሽ!» አለ። ጥቂት ቆይቶ አስተማሪው ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ከዚህ ሁሉ የላቀው ይህ ነው ሲል፣ ልጁ ወደ ፎቶው ቀስ በቀስ ተጠጋና፣ ምንም ቃል ሳይተነፍስ፣ ፊቱን ወደ ጎን አዞረ። ስልኮች ሁሉ ወደ እሱ ተነሱ።

ከኮሪደሩ አፍ ሆነው ይህን ሁሉ የተከታተሉት ፊታውራሪ የእህቴን ልጅ በእጃቸው ጠርተው ወደ ጥግ ወሰዷት።

«ስሚ ልጄ፣ ለከርሞ ማለቴ ነው። ሁለቱም ዓይኔ ይታይ እንጂ፣ ትንሽ ዘወር ብል ችግር አለው?»

«ምንም የለውም አባቴ። ከሁለተኛው ዓይን ግማሹ ቢታየኝ ይበቃኛል።»

ፊታውራሪ አሰቡበት።

«ሦስት አራተኛው» አሉ።