የባሕሪን ሰማይ ወይን ጠጅ የማድረግ ጥበብ

ከሰማዩ ጀምር። ከካርቱም ማዶ ያለችው ባሕሪ በግንቦት ቀትር ሰማይዋ ነጭ ነው፤ አቧራና ሙቀት ተደርቦበት በተደጋጋሚ የታጠበ ነጠላ ይመስላል። ይህን ሰው እንዲያየው አትፍቀድ። ፎቶማቲክስ የሚባለውን የፎቶ ሶፍትዌር ክፈት፣ «ናቹራል» የሚለውን ምርጫ እንዳረረ ወጥ ገፋ አድርገው፣ «ግራንጅ» ላይ ተደላደል። ከዚያ ሳቹሬሽኑን ግድግዳ እስኪነካ ጎትተው። ሰማዩ ወይን ጠጅ ካልሆነ ገና ነህ። ደመና ከጠፋ ከሌላ ፎቶ ተበደር። የነሐሴ የእንጦጦ ደመና ካርቱም ላይ ቢያንዣብብ ማን ቪዛ ይጠይቀዋል?

ሰማዩ ገና አላለቀም። ከሚናሬቱና ከኒሙ ዛፍ ዙሪያ ነጭ ብርሃን ፈንጥቆ ከወጣ እንዳታጠፋው። የእኛ ሠዓሊዎች አክሊለ ብርሃን የሚስሉት ለቅዱሳን ብቻ ነበር፤ አንተ ለመብራት ምሰሶም ሰጠኸው። የሳተላይት ዲሹም ይድረሰው።

ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል የተነሳ ቀን ደግሞ አደራ። ከተማው በሙሉ ቡናማ ሆኖ፣ ሰዉ አፉን በሻሹ ሸፍኖ ሲሮጥ፣ አንተ ዲሄዝ የምትባለዋን መቶ ላይ አድርሳትና አቧራውን ጥረገው። ሰዎቹ ከምን እንደሚሸሹ ሳይታወቅ ይቅር።

አሁን ወደ ወንዙ። በካርቱምና በባሕሪ መካከል የሚያልፈው የራሳችን ዓባይ ነው፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚወርደው የጎጃምን አፈር ተሸክሞ፣ ቡናማ ሆኖ ነው። እንግሊዝኛው «ሰማያዊ» ስላለው አንተም ሰማያዊ ቀባው። እኛ ጥቁር ዓባይ ማለታችን፣ ሱዳኖችም «አዝረግ» ሲሉ ሰማያዊውንም ጠቆር ያለውንም መጥራታቸው አያሳስብህ። ለቀለም ስላይደር ቋንቋ ምኑ ነው? ቱርኩዋዝ ይሁን። ከቻልክ የማልዲቭስን አስንቀው። ከቱቲ ደሴት ማዶ ሁለቱ ዓባዮች ሲገናኙ የሚታየውን የቀለም ድንበርም አንድ ወጥ አድርገህ ደምስሰው፤ ሰው ከሩቅ መጥቶ ቆሞ የሚያየው ያንን መሆኑን ማን ነግሮህ።

ፎቶውን ሦስት ጊዜ ማንሳት የሰነፍ ሥራ ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ሰዓድ ግሽራ ገበያ አጠገብ፣ ኒም ሥር፣ የአገራችን ልጅ ጀበናዋን ጥዳ ተቀምጣለች እንበል። እሷ ጥላ ውስጥ ናት፤ ከጀርባዋ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሰዎች የሚያልፉበት መንገድ በፀሐይ ነድዷል። ዓይን ሁለቱንም ያያል፤ ካሜራ አንዱን መርጦ ሌላውን ይጥላል። ለእሷ ካበራህ መንገዱ ነጭ ወረቀት ይሆናል፤ ለመንገዱ ካጨለምክ እሷ የለችም። ስለዚህ አንዱን ለጥላው፣ አንዱን ለመሀሉ፣ አንዱን ለፀሐዩ፣ በሁለት ሁለት ስቶፕ ልዩነት አንስተህ ሶፍትዌሩ ከየአንዳንዱ የሚበጀውን እንዲወስድ ማድረግ ነው። ኤችዲአር የሚሉት ነገር ለዚህች ልጅ የተፈጠረ እስኪመስል ድረስ። አንተ ግን በቴሌግራም ሦስት ቦታ ዞሮ የመጣ አንድ ጄፔግ ይበቃሃል። ጥላው ውስጥ የተቀረጸ ነገር ባይኖርስ? ስላይደሩ ከየት ያመጣል አትበል፤ ያመጣል። እህል የመሰለ ነጠብጣብ ያመጣል።

የግድ ሦስት ካነሳህ ያለ መቆሚያ፣ በእጅህ ይሁን፤ ቢቻል ራክሻ የሚሉት ባጃጅ ሲያልፍ። ዘጠኝ ጎማ ያለው ራክሻ ይወጣልሃል። ይህን ድርብርብ ምስል የሚያጠፋ ምርጫ ሶፍትዌሩ ውስጥ አለ፤ አለ ብዬህ እንዳትነካው።

ፊት ላይ ስንደርስ ትንሽ ልረጋጋ። ሼዶው የምትለዋን መቶ አድርገህ፣ ክላሪቲውን ከላይ ስትደርብበት፣ ጠይም ፊት አመድ ይሆናል። ባሕሪ ውስጥ በተደገሰ ሠርግ ላይ የተነሱ አሮጊት እናት አይቻለሁ፤ ሽበታቸው ሽቦ፣ ግንባራቸው የተሰነጠቀ ሊስትሮ ሣጥን ሆኖ። እናትህን እንዲህ ታደርጋለህ? ሰው ነው እኮ! ኮንክሪት አይደለም! ... እሺ። ክላሪቲ፣ መቶ። ቀጥል።

ታሪክ የሚጠቅስብህ ከመጣ አትስማው። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ በ1850ዎቹ ባሕሩን በአንድ ነጋቲቭ፣ ሰማዩን በሌላ አንስቶ ሲያጋጥማቸው መገጣጠሚያው አይታወቅም ነበር ይሉሃል። ካልታወቀ ምን ደከመ? በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከየፎቶው በደንብ የበራውን ክፍል ብቻ እየመረጠ የሚያዋህድ ስልት ወጣ፤ ኤንፊውዝ የሚባለው ሶፍትዌር በዚህ ይሠራል፣ በነጻ ነው፣ ውጤቱም ዓይን ያየውን ይመስላል። ነጻ ነገር ላይ ተጠራጣሪ ሁን። ዓይን ያየውንማ ዓይን አይቶታል።

ሰሞኑን ደግሞ ከሱዳኑ ጦርነት በፊት የተነሱ ፎቶዎችን እያወጣህ «ሕይወት መዝራት» ጀምረሃል አሉ። ጎበዝ። የሻምባት ድልድይ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ፈርሷል። ባሕሪን ከኦምዱርማን ጋር ያገናኝ የነበረው ድልድይ ዛሬ ለብዙ ሰው ያለው ስልኩ ውስጥ ነው፤ እሱንም አንተ ብርቱካናማ አድርገህ መለስክለት። ዋናውን ፋይል አጥፍተህ ከሆነ ደግሞ... አይ፣ አጥፋው። የስልክህ ቦታ ይበልጣል።

በመጨረሻ ስምህን ጥግ ላይ በወርቅ ቀለም፣ በትልቁ ጻፍ። ከሥሩም «ባሕሪ» ማለትህን አትርሳ፤ እዚያው ዐሥር ዓመት ቡና ያፈላች ሴት ፎቶውን አገላብጣ አይታ «የየት አገር ባሕር ነው?» ብላለች።