የአግዳሚና የሽንቁር ኢኮኖሚ፦ በሰፈር ቪዲዮ ቤት ላይ የተደረገ ጥናት

የሲኒማ ንግድ በዓለም ዙሪያ አንድ የማይፈታ ችግር አለበት ይባላል። ከመግቢያው ገንዘብ ዋናውን ድርሻ የፊልሙ ባለቤት ይወስዳል፤ አዳራሹ ኑሮውን የሚገፋው በፈንዲሻና በለስላሳ ነው። ይህን ችግር ያለ ማንም አማካሪ የፈታው የኛው የሰፈር ቪዲዮ ቤት ነበር። መፍትሔው ለፊልሙ ባለቤት ምንም አለመክፈል ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ራምቦ ግን ከአዋጁ በፊትም በኋላም ያለ ደመወዝ ሠርቷል።

የመነሻ ካፒታሉ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ በኪራይ የመጣ ካሴትና በር ላይ የተደገፈ ጥቁር ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ «ዛሬ 8 ሰዓት፦ ቫንዳም» ይጻፋል። የፊልሙን ርዕስ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

የንግዱ ራስ ምታት የህንድ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው «ብለድስፖርት» በ92 ደቂቃ አልቆ አግዳሚውን ለሚቀጥለው ሽልንግ ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው «ሾላይ» ግን በዚያው ሽልንግ ከሦስት ሰዓት በላይ ይቀመጥበታል። ባለ ቪዲዮ ቤቱ ኪሳራውን ለማካካስ ዘፈን ሲመጣ ዴኩን ያስሮጠዋል፤ ከአግዳሚው ጩኸት ሲነሳ ደግሞ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ በዚህም ቀድሞ ከነበረው የባሰ ጊዜ ይከስራል። አግዳሚውን በተመለከተ፣ ለአራት ሰው ተሠርቶ «ጠጋ በሉ» በሚል ትእዛዝ ሰባት እንደሚይዝ ታክሲ የተሳፈረ ሁሉ ስለሚያውቀው አልዘረዝረውም።

ወደ ደንበኛው እንምጣ። ከፋይ አለ፤ ታላቅ ወንድሙ ጉልበት ላይ ተቀምጦ በነጻ የሚያይ አባሪ አለ፤ ፊልሙ ሊያልቅ ሲል በስሙኒ ተከራክሮ የሚገባ የማብቂያ ደንበኛ አለ። እነዚህ ተራ ናቸው። ሳይንሱ ያለው የሽንቁር ተመልካች ላይ ነው።

የሽንቁር ተመልካች በሦስት እርከን ይከፈላል። የመጀመሪያው ባለ ሽንቁሩ ነው። ቤቱ ጭቃ ከሆነ ቀዳዳውን በእንጨት ራሱ ይሰረስራል፤ ቆርቆሮ ከሆነ አሮጌ የምስማር ቀዳዳ ይፈልጋል። የምስማር ቀዳዳ ዓይን ሲለጠፍበት ከሚታሰበው በላይ ያሳያል፤ ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው የሰው ማጅራት መሆኑ ነው። ሁለተኛው ተረካቢ ይባላል፤ ከባለ ሽንቁሩ ጀርባ ተጣብቆ «አሁንስ ምን አደረገው?» እያለ ፊልሙን በጆሮው ያያል። የዚህ ጥናት አዘጋጅ በዚህ እርከን ለረጅም ጊዜ አገልግሏል። ሦስተኛው ከተረካቢው የሚረከበው ነው። ባለ ሽንቁሩ «መታው» ያለው፣ እዚህ ሲደርስ «ግድግዳውን ጥሶ አወጣው» ሆኗል፤ ማግስቱን ትምህርት ቤት ሲወራ ደግሞ ቫንዳም ሄሊኮፕተር በቡጢ ጥሏል። ስለዚህ አንዲት ሳንቲም ሳያወጣ፣ አንዲት ምስል ሳያይ፣ ከሁሉም የበለጠ ፊልም ያየው ይህ ልጅ ነው።

ባለቤቱ ሽንቁሩን ጠዋት በጨርቅ ይደፍናል፤ ከሰዓት ይከፈታል። አንዳንዴም ከውስጥ በጆግ ውኃ ይደፋል። ነገር ግን ብልሆቹ ሁሉንም ደፍነው አንዷን ይተዋሉ። ምክንያቱም በወሬ የሰከረው ሦስተኛው እርከን፣ ያን ሄሊኮፕተር በዓይኑ ለማየት ከእናቱ ሽልንግ ለምኖ በማግስቱ በር ላይ ይሰለፋል። ሄሊኮፕተር የሌለ መሆኑን የሚያውቀው ከከፈለ በኋላ ነው።

ቀጥሎ በአምስት የተመደቡት የበረኛ ዓይነቶች ነበሩ፤ መብራት ስለጠፋ ቀርተዋል።

መብራት የንግዱ ትልቁ አደጋ ነው። «ገንዘባችን!» የሚለው ጩኸት ይነሳል፣ ፉጨት ይከተላል፣ ባለቤቱም ሻማ ይዞ ብቅ ይልና «ነገ ትገባላችሁ» ይላል። ደረሰኝ የለም። ነገ በር ላይ የሚቆመው ሌላ ሰው ነው፤ ትናንት መኖርህን አያውቅም። በሒሳብ አያያዝ ቋንቋ ይህ ያልተከፈለ ዕዳ ይባላል።

ዛሬ ብዙዎቹ ቤቶች ዲኤስቲቪ አስገብተው ኳስ ያሳያሉ፤ ፊልሙን ደግሞ ልጆች በስልካቸው ያያሉ። ዕዳው ግን አልተሰረዘም። ስለዚህ በቀድሞ ዘመን ቪዲዮ ቤት የነበራችሁ ሁሉ፣ «ነገ ትገባላችሁ» ያላችሁን ልጆች አድገናልና «መጥታችሁ አግኙን» ሳትሉ፣ እናንተው ፈልጋችሁ አግኙን። ክፍያውን በጥሬ ገንዘብ አንቀበልም፤ ሽልንግ ዛሬ ምንም አይገዛም። መብራት የጠፋበትን ፊልም ከጠፋበት ቦታ ቀጥሉልን።